ጉቶው ላይ የታጣው ቋጠሮ

ጀልባ ነጂው በሰጠው ቃል፣ የውሃው በር ጠባቂ ውሃ የሚለቀውን የማስተንፈሻ መዘውር ከልክ በላይ በፍጥነት ስለከፈተው ጀልባዎች የሚወርዱበት ገንዳ ውሃው በድንገት ወረደ፤ ገመዱ ዳር ካለው የብረት ጉቶ ጋር ተቀረቀረ፤ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተንጠለጠለች፤ ከአሥራ ሁለቱ መንገደኞች አንዷ፣ ልብስ ሰፊ የሆነች ሴት፣ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

በር ጠባቂው በሰጠው ቃል ደግሞ፣ መዘውሩን የከፈተው እንደ ወትሮው ጥቂት እያዞረ፣ ጥቂት እየጠበቀ ነው፤ ውሃው የወረደው በልኩ ነው፤ ጀልባዋ የተንጠለጠለችው በእጅ መያዝ የነበረበት ገመድ ጉቶው ላይ ስለተቋጠረ ነው። ቋጠሮውን በዓይኑ አይቶታል። ገመዱን በመጥረቢያ የቆረጠውም እሱ ራሱ ነው።

ሁለቱ ወረቀቶች በቦዩ አስተዳደር ቢሮ አንድ ፋይል ውስጥ ከገቡ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁለቱም ሰዎች ተጠርተዋል። ጥፋቱ የበር ጠባቂው ነው ከተባለ ሥራውን ያጣል፤ ከሥራው ጋር የተሰጠውን፣ በሩ አጠገብ ያለውን ቤትም ይለቃል። የጀልባ ነጂው ነው ከተባለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወድቆ በሦስተኛው ያገኘውን የመንጃ ፈቃድ ይነጠቃል። ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ ያለ አንዳች ጥርጥር የሚያውቀው ጀልባ ነጂው ብቻ ነበር።

"ማሙሽ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች አክስቱ፣ በጃንጥላዋ ጫፍ ወደ ማዶ እየጠቆመች።

ማሙሽ የሚባለው ጀልባ ነጂው ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ፂሙን ካልተላጨ በሁለት ቀን ፊቱን ይሸፍነዋል፤ ላሳደገችው አክስቱ ግን ያው ማሙሽ ነው።

"የድሮ ጡብ ፋብሪካ ነው፣ እታለም። ጭስ ማውጫው ነው የቀረው።"

"እንደሱ አይደለም። ለእንግዶችህ እንደምትለው አድርገህ በለኝ። በስልክ ያወራኸኝን።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ክቡራትና ክቡራን፣ በስተቀኝ የምታዩት ጭስ ማውጫ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት አላጨሰም። ሐኪም ከልክሎት ነው።"

አክስቱ ጭስ ማውጫውን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

"በዚህ ሰው ይስቃል?"

"ይስቃል።"

"ከፍሎ ስለመጣ ነው" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

አንድ ቀን ሙሉ በአውቶብስ ተጉዛ ነው የመጣችው። ሥራውን ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በየሳምንቱ ሲደውልላት ጭስ ማውጫውን፣ በድልድይ ላይ የሚሄደውን ውሃ፣ የዳክዬውን ኩሬ፣ ጀልባን እንደ አሳንሰር የሚያወርደውን በር ሲያወራላት ነው የኖረው። "ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ቀን ላየው ይገባል" ስትል ቆይታ፣ ልትመጣ የመረጠችው ይህን ሳምንት ሆነ። ጀልባዋ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በሰንሰለት ታስራለች። ስለዚህ በቦዩ ዳር ባለው የእግር መንገድ ይዟት ወጣ፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል አንጠልጥሎ።

ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ አክስቱ የብረቱን አጥር ይዛ ቆመች። ከላይ ቦዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከሥር በአስፋልቱ ላይ መኪናዎች ይተላለፋሉ። አንዲት ረጅም ጀልባ ከአንድ የጭነት መኪና ጣሪያ በላይ አለፈች።

"ጉድ! ውሃ በድልድይ ሲሻገር አየሁ ብል ማን ያምነኛል? ጃጀች ነው የሚሉኝ።"

"ፎቶ ላንሳሽ?"

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ቀረ። ያን ቀንም የጀመረው በፎቶ ነው።

ያን ቀን መንገደኞቹ አንድ ልብስ መስፊያ ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። በዓመት አንድ ቀን አሠሪያቸው ይዟቸው ይወጣል። ሲዘፍኑ፣ ሲሳለቁ፣ የጭስ ማውጫውን ቀልድ ሳይጨርሰው ሲስቁለት ነው የመጡት። በሩ ጋ ደርሰው ገንዳው ውስጥ እንደገቡና የኋላው በር እንደተዘጋ፣ "እዚህ፣ ሁላችንንም አንድ ላይ አንሳን" አሉት።

ሥራው ላይ አንድ ሕግ አለ፤ አዲስ ሰው ሲያሠለጥን መጀመሪያ የሚነግረው እሱን ነው። ገመዱ በዳር ባለው ጉቶ ዙሪያ ይዞርና ጫፉ በእጅ ይያዛል፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ ትወርዳለች፣ እጅም ገመዱን ቀስ እያለ ይለቃል። የታሰረች ጀልባ አትወርድም፤ ትሰቀላለች። ይህን ለሌሎች ሲነግር የኖረ ሰው፣ ፎቶ ለማንሳት ሁለት እጅ ስለሚያስፈልግ ገመዱን ጉቶው ላይ ሁለት ዙር አዙሮ ቋጠረው። ለአንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊትም አድርጎት ያውቃል፤ በር ጠባቂው ዝግተኛ ስለሆነ ቋጠሮውን ለመፍታት ሁልጊዜ ጊዜ ይተርፈው ነበር። የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳ። ልብስ ሰፊዋ "ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ድገመው በእናትህ" አለችው። ሲደግመው፣ ስልኩ ውስጥ ያሉት ፊቶች ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዘሙ።

በር ጠባቂው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት መጥረቢያውን አንስቶ ሲሮጥ አየው። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲሮጥ ያየው ያኔ ብቻ ነው። ገመዱ ተቆረጠ፤ ጀልባዋ ውሃው ላይ በሆዷ ተደፋች፤ ሴቶቹ ጮኹ። ሽማግሌው በር ጠባቂ መዘውሩን ዘግቶ አምቡላንስ ሊጠራ ወደ ቤቱ ሄደ። ጀልባ ነጂው በብረቱ መሰላል ወደ ላይ ወጣ። እርዳታ ሊጠራ ነበር የወጣው፤ እንደዚያ ነበር የሚመስለው። ጉቶው ላይ የራሱ ቋጠሮ፣ የተቆረጠች አጭር ገመድ አስከትሎ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ሴቶቹ ሁሉ በወደቀችው ላይ አጎንብሰዋል። ፈታውና ውሃ ውስጥ ጣለው። ለማስነጠስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደበትም። የቀረውን ሁሉ ያመጣው ያ ነው፤ ቃል ስጥ ሲባል፣ እጁ የሠራውን አፉ ተከትሎ ሄደ። ሴቶቹ የገመዱን ሕግ አያውቁም፤ ስለ ፎቶው የጠየቃቸውም አልነበረም።

ሚስቱ ቃሉን አምናዋለች። አክስቱም በስልክ የነገራትን አምናለች፤ ከማመንም አልፋ ቂም ይዛለች።

ዳክዬዎቹ ጋ ቁጭ ብለው እንቁላሉን ከበሉ በኋላ "እንግዲህ እንመለስ፣ እግርሽን ያምሻል" አላት።

"እግሬን ያመኛል። ግን ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ዳክዬ ለማየት አይደለም። ዳክዬ እኛም ሰፈር ሞልቷል። የታል በሩ?"

"ሩቅ ነው።"

"ያን ሰውዬ እንዳላገኘው ፈርተህ ነው?"

"ምን ታደርጊለታለሽ?"

"እነግረዋለሁ! ሰው ያለው ልጅ መሆንህን ይወቀው።"

"እታለም፣ ነገ ቢሮው ይጨርሰዋል። አንቺ አትግቢበት።"

"ቢሮ የራሱን ይናገር። እኔ የራሴን እናገራለሁ።" የፌስታሉን ፍርፋሪ ለዳክዬዎቹ አራግፋ ተነሳች።

ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ ታላላቅ የእንጨት በሮች እንደተጠጋጉ ትከሻዎች ናቸው። አጠገባቸው ነጭ የተቀባች ባለ አንድ ክፍል ቤት አለች፤ መስኮቷ ሥር በቆርቆሮ ጣሳ የተተከሉ አበቦች ተደርድረዋል። ዛሬ ከአበቦቹ ጎን ሦስት የታሠሩ ካርቶኖች ነበሩ። ጀልባ ነጂው ካርቶኖቹን አየና ሳያስበው እርምጃውን ቀነሰ።

በር ጠባቂውን ቦዩ ላይ የሚሠራ ሁሉ ጋሽ ቀስ በል ይለዋል። ወደ ገንዳው ለሚገባ ጀልባ ሁሉ "ቀስ በል፣ ቀስ በል" ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ሲራመድም፣ ሲያወራም፣ ሻይ ሲያማስልም ያው ነው። አሁን በሩን ከፍቶ ወጣና እጁን በሱሪው ጠርጎ ለሰላምታ ዘረጋ።

"እርስዎ ነዎት በር ጠባቂው?" አለች አክስቱ፣ እጁን ሳትጨብጥ።

"እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።"

"እኔ የዚህ ልጅ አክስት ነኝ። አክስት ይባል እንጂ እናቱ ነኝ።"

"እንኳን ደህና መጡ።"

"ደህና አልመጣሁም! እህቴ ሞታ ገና ጥርስ ሳያወጣ ነው የተቀበልኩት። ለዚህ ያደረስኩትን ልጅ ውሃ ሊያስበሉብኝ! ለመሆኑ ምን የሚያስቸኩል ነገር ነበረዎት? እሳት ላይ የጣዱት ነገር ነበር?"

ሽማግሌው እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። አልተቆጣም።

"እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው" አለ። "ይቀመጡ፣ እመቤቴ። ፀሐይ ላይ ቆመው ከሚቆጡኝ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቢቆጡኝ ይሻላል።"

አክስቱ ወንበር አምጥቶ ሲያስቀምጥላት ተቀመጠች፤ ጃንጥላዋን ግን እንደ ዱላ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

በዚህ መካከል አንዲት ቢጫ ጀልባ ጥሩንባዋን ነፍታ ወደ ገንዳው ተጠጋች። መቀመጫዎቿ በሙሉ ተይዘዋል። የሚነዳት የጀልባ ነጂው ባልደረባ ነው፤ ገና ሳይገባ መጮህ ጀመረ።

"ጋሽ ቀስ በል! ዛሬ ደግሞ እንዳይበሩብን!"

መንገደኞቹ ሳቁ። ታሪኩ ሳይነገራቸው አልቀረም። ይህ ቀልድ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ከጀልባ ጀልባ ሲዞር ከርሟል። ጀልባ ነጂው የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ፤ ክሩ አልተፈታም ነበር። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ እጁን አነሳና "ቀስ በል፣ ቀስ በል" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው ሙሉ አልነበረም።

የኋላውን በር ዘጋ። ወደ ፊት ሄዶ መዘውሩን በሁለት እጁ ያዘ። ጥቂት አዞረና ቆመ። ውሃውን አየ፣ የቢጫዋ ጀልባ ነጂ በእጁ የያዘውን ገመድ አየ፣ መንገደኞቹን አየ፤ እንደገና ጥቂት አዞረ። እንደገና ቆመ። ጀልባዋ ጠብታ በጠብታ በሚመስል ሁኔታ ዝቅ ማለት ጀመረች። አንድ ሕፃን "እየወረድን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል።

አክስቱ ወደ ጀልባ ነጂው ጆሮ ጠጋ አለች።

"ይሄ ሰውዬ ነው የቸኮለው?"

ዓይኑን ወደ ቢጫዋ ጀልባ መለሰ።

"እሱ ይሄን እስኪከፍት እኔ ሹራብ እጨርሳለሁ።"

"ሰው... አንዳንድ ቀን ይሳሳታል፣ እታለም።"

"ይሳሳታል" አለች። ዓይኗን ግን ከሽማግሌው እጅ ላይ አላነሳችም።

ቢጫዋ ጀልባ ከታች ወጥታ ከሄደች በኋላ ሽማግሌው ሦስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ለአክስቱ ሰጠ። ከዚያ ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ ቁጭ አለና ጀልባ ነጂውን አየው።

"መምጣትህ ጥሩ ሆነ፣ ልጄ። ነገ ቢሮ ውስጥ ከምነግርህ ዛሬ እዚህ ብነግርህ ይሻላል።"

"ምኑን፣ ጋሼ?"

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ገመዱን ስቆርጥ ቋጠሮ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ብያለሁ። ስልክ ደውዬ ስመለስ ግን ጉቶው ላይ ምንም የለም።" በጣቱ ወደ ብረቱ ጉቶ አመለከተ። "ቋጠሮ ቢሆን ኖሮ ቆርጬውም እዚያው ይቀር ነበር፣ አይደል? የተቀረቀረ ገመድ ግን ሲቆረጥ ተንሸራቶ ይወድቃል። እዚህ ላይ ደርሼ ነው የቆምኩት። ከዚህ ማለፍ አልቻልኩም።"

ጀልባ ነጂው ሻዩን ሊቀምስ ሞከረ፤ ያቃጥላል።

"ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው" ሲል ቀጠለ ሽማግሌው። "ሰው በድንጋጤ ያላየውን አየሁ ይላል። አንተን ደግሞ ስድስት ዓመት አውቅሃለሁ፤ ስትዋሽ አላየሁህም። እንግዲህ አንተ ካልዋሸህ፣ ቋጠሮም ከሌለ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። እጄ ሳላውቀው ፈጥኖ ይሆናል። የሴትዮዋን ነገር ሳስብ... ልብስ ሰፊ ናት፣ በዚያ እጇ ነው የምትበላው። አንድ ሰው ጥፋቱ የኔ ነው ሊላት ይገባል።"

"ቤቱስ?" አለ ጀልባ ነጂው። ድምፁ ከራሱ አፍ የወጣ አልመሰለውም።

"እህቴ ጋ አንድ ክፍል አለች። መዘውር የላትም እንጂ ጥሩ ክፍል ናት።" በቀልዱ ራሱ ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱን አጠነከረ። "አንድ ነገር ግን ከብዶኛል። ውሸታም አድርጌህ ወረቀት ላይ አስፍሬሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

አክስቱ ጃንጥላዋን ከጭኗ አንስታ መሬት አስቀመጠችው።

"እኔንም ይቅር ይበሉኝ" አለች። "ደርሼ እንደ ውሻ ጮህኩብዎ። ጥፋቱን በአፉ የሚናገር ወንድ አልቋል ስል ነበር።" ወደ ጀልባ ነጂው ዞረች። "ሰማህ ማሙሽ? ይቅር በላቸው እንጂ! ምን ይዘጋሃል?"

"ይቅር..." አለ። ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው እንደዚህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም። ሁሉም ነገር አልቆለት ነበር። ቢሮው መመርመር የለበትም፤ እሱ ዳግም መዋሸት የለበትም፤ ፈቃዱ በእጁ ይቀራል፤ ሚስቱና አክስቱ እንዳመኑት ያምኑታል። ከእሱ የሚጠበቀው ሻዩን ጠጥቶ መሄድ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ወደ ቤት ገብቶ አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወጣ።

"የኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ቢሮ ውስጥ ያለችው ልጅ ያለፈውን ለማንበብ ተቸግራ ነበር። አንተ ጻፍልኝና እኔ እፈርማለሁ።"

"እኔ?"

"እጅህ ቆንጆ ነው። የጀልባዋን ማስታወቂያ የጻፍከው አንተ አይደለህ?"

"ጻፍላቸው እንጂ" አለች አክስቱ። "ትልቅ ሰው እንዴት ይለመናል?"

ወረቀቱን ትሪው ላይ ዘረጋው። ቀኑን ጻፈ። "ለቦዩ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ "እኔ የውሃው በር ጠባቂ" ብሎ ጀመረ። ፊደሉ እንደ ወትሮው ቆንጆ ነበር፤ ይህም ራሱ አስጠላው።

"በል" አለ ሽማግሌው፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ መዘውሩ አሻግሮ። "የማስተንፈሻውን መዘውር ከሚገባው በላይ... ከሚገባው በላይ ፈጥኜ..." ቆመ። ግንባሩን አሸ። "ስንት ዙር እንበል?"

"እንዴት ማለት፣ ጋሼ?"

"ስንት ዙር እንደከፈትኩ መጻፍ አለበት። እነሱ ይጠይቃሉ። እኔ ምንም ትዝ አይለኝም። እንደ ሁልጊዜው ነው ትዝ የሚለኝ፤ እሱ ደግሞ ልክ ሊሆን አይችልም።" ፊቱን ወደ ጀልባ ነጂው አዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው የሚያልፍ ሰው ሲያገኝ እንደሚያይ ነው ያየው። "አንተ ከሥር ሆነህ አይተሃል። ሁለት ዙር ነው? ሦስት ነው? ያልከኝን እላለሁ።"

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ አሳርፎ ቆመ። ነጥቡ እየሰፋ ሄደ።

"ምን ሆንክ?" አለች አክስቱ። "ንገራቸዋ!"

ጀልባ ነጂው "እኔ የውሃው በር ጠባቂ" የሚለውን መስመር ሰረዘው። ሻዩን ከትሪው ላይ አንስቶ መሬት አኖረ፤ ወረቀቱን አስተካከለ።

"አልፈጠኑም፣ ጋሼ" አለ።

"ምን አልክ?"

"አልፈጠኑም። ያዩት ቋጠሮ ነው። ፎቶ ላነሳ ብዬ አስሬው ነበር፤ እርስዎ ስልክ ሲደውሉ ፈትቼ ውሃ ውስጥ ጣልኩት።"

ሽማግሌው ወደ ጉቶው ዞረ። አክስቱ አፏን ከፍታ "ማሙሽ..." አለች። ጀልባ ነጂው ወደ እሷ ማየት አልቻለም፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ነው የተናገረው።

"ካርቶኖቹን ይፍቷቸው። ይሄን ወረቀት በራሴ ስም ነው የምጽፈው፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይም ከእርስዎ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።"